ሁለተኛው መውረጃ

ለሚን ሚኒባሱ ውስጥ ሳየው ተመልሼ ልወርድ ነበር። አንድ እግሬ መውጫው ላይ ነው፤ ከኋላዬ ያለችው ጓደኛዬ ነጅላ ናት፤ ነጅላ ደግሞ ሰው ስትገፋ ይሉኝታ የላትም። ገፋችኝ፣ ገባሁ። ክፍት የነበረው ወንበር እሱ ከተቀመጠበት ፊት ያለው ብቻ ነበር። ከጂማ እስከ ሰኮሩ ድረስ ዓይኑን ማጅራቴ ላይ ይዤ ልሄድ ነው ማለት ነው።

«እንደምን አደርሽ፣ ውቢት» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ ለመስኮቱ።

ዓመት ሙሉ በልቤ ስሰድበው የከረምኩት ሰው በአንድ ሰላምታ ስድቡን ሁሉ አስረሳኝ። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ነጅላን በክርኔ ጎሸም አደረግኳትና የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቅኳት። ለተራራ ጉዞ ቡድናችን ተጓዥ የሚመዘግበው ወንድወሰን ነው፣ እኔ ምን አውቄ ብላ ሻርፗን አስተካከለች። ነጅላ ስትዋሽ ሁልጊዜ ሻርፗን ታስተካክላለች።

ለሚ ማለት ሰኮሩ ከተማ ጂኦግራፊ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ለዚህ ጉዞ ማታ ጂማ ገብቶ ያደረ ነው። እኔ ጂማ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ተዋወቅን፤ ከዚያ በኋላ የእናቱ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። እናቱ ሊሙ የቡና እርሻ ላይ ቡና እየለቀመች ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው። አባቱን አያውቅም፣ አጎት የለው፣ አክስት የለው። ሁለት ዓመት ተዋደድን። ስንዋደድ ደግሞ እንዲህ እንደዛሬው ማጅራት ለማጅራት ሆነን አልነበረም።

የእኔ አባት አቶ ኃይለሚካኤል ከመንዝ ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ጂማ የቀረ ሰው ነው። ኦሮምኛውን ከሄርማታ ገበያ ተምሮ እንደ ተወላጁ ይናገረዋል፤ ወጉን ግን አንዲት ስንዝር አልለቀቀም። ያለ ሽማግሌ ሴት ልጅ ከቤቱ አትወጣም። ለሚ ይህንን ስነግረው ሳያቅማማ እሺ አለና ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ተቀበላቸው፣ ሰማቸው፣ «ልጅቷ ገና ናት፤ እስቲ ዘመድ እናማክር» ብሎ ሸኛቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ እናቴን በደስታ አቅፌያት ነበር። በእኛ ቤት የመጀመሪያ ቀን መልስ መልስ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ አስቸግራው ሊገላገላት የቸኮለ ነው የሚባለው። ሽማግሌ ይመላለሳል፤ ሲመላለስ ነው ሰውየው ልጅቷን ከልቡ እንደሚፈልጋት የሚታወቀው።

በቀጣዩ እሁድ እናቴ ዶሮ ሠራች፤ አባቴም ነጭ ጋቢውን ደርቦ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የመጣ ሰው የለም። በሌላውም እሁድ የለም። በኋላ ከለሚ በስልኬ አንድ መልእክት ገባ፤ «አባትሽን አክብሪ። መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ» ይላል። ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ፍቅር በአንድ መስመር ተጠቃለለ። አልመለስኩለትም። ሽማግሌህን መልሰህ ላክልኝ ብላ ወንድ የምትለምን ሴት እናቴ አልወለደችም፤ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ጣሰው አለ። ጣሰው ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ አይደለም። ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ፣ ለእናቴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጃንጥላ የሚይዝላት ዓይነት ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው ያንኑ ቃል ሰምተው ሄደዋል፤ ነገ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ይመለሳሉ። አባቴ አስጠርቶኝ አላስገድድሽም አለኝ። «ነገር ግን ዝም ካልሽ እሺ እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ» አለ። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብያለሁ። ነገም ዝም ካልኩ የጣሰው ሚስት ነኝ። ነጅላ እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው በዚህ ቀን ለሚን ከእኔ ጋር ሚኒባስ ውስጥ የከተተችው። ወዳጅ ናት ወይስ ጠላት፣ ሰኮሩ እስክንደርስ አልወሰንኩም ነበር።

ከሰኮሩ አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስንል የቡናው ጥላ ቀረ። ሣሩ የደረቀ፣ ግራሩ የከሳ፣ አፈሩ ከድንጋይ ያነሰ አገር ነው። ቱሉ ዳጋ የሚሉት፣ የድንጋይ ተራራ ማለት ነው፣ ከሜዳው መሃል ብቻውን ጠቁሮ ቆሟል። ወንድወሰን አሰለፈን። ወንድወሰን ከሰኞ እስከ ዓርብ ባንክ ቤት ጸጥ ብሎ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጄኔራል ይሆናል። ለሚ ከዓመታት በፊት ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ጊዜ እዚህ ስለወጣ የሰልፉ መጨረሻ አድርጎ ሾመው፤ ማንም ሰው ከእሱ ኋላ እንዳይቀር።

መውጣቱ ያን ያህል አልከበደም። ከጫፉ በታች ሁለት ትልልቅ ቋጥኞች መሃል ጠባብ ስንጥቅ አለች፤ በእሷ አንድ በአንድ ሾልከን ወጣን። እኔ ዞሬ ላለማየት አንገቴን እንደ ወታደር አቅንቼ ነበር የምሄደው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ውኃዬ አለቀና ስቆም፣ ከኋላ አንድ እጅ ላስቲክ ጠርሙስ አቀበለኝ። ተቀብዬ ጠጣሁ። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም፤ ጠርሙሱን ስመልስ ግን ጣቱ ጣቴን ነካውና ሁለታችንም ቶሎ አልለቀቅንም።

ጫፉ ላይ ፎቶ ተነሣን፣ ሳንቡሳ በላን፣ ወንድወሰን ንግግር አደረገ። መውረድ ሲጀመር የነጅላ ጫማ ሶሉ ተገነጠለ። በጫማዬ ማሰሪያ አስረን እስክንጨርስ ሌሎቹ ቀደሙን። እኔ ለነጅላ ስል ቀረሁ፣ ለሚ ደግሞ የመጨረሻ ሰው ነውና ቀረ። ቋጥኙ ጋ ሳንደርስ ከታች የጩኸት መዓት ሰማን።

ንብ ነው። ስንጥቋ ውስጥ የነበረውን ንብ ማን እንደነካው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ አንዱ ሽቶ ነው ይላል፣ ሌላው ድንጋይ ነው ይላል፣ ሁሉም ሌላውን ይከሳል። ወንድወሰን እያለከለከ ደወለ። ሁሉም ሜዳው ላይ ወርደዋል፣ ፊታቸው ከማበጡ በስተቀር ደህና ናቸው፤ ስንጥቋ ግን በንብ ተሞልታለች፤ እንዳትጠጉ አለ። ንቡ የሚረጋው ሲጨልም ነው። በጨለማ ደግሞ በዚያ ድንጋይ ላይ መውረድ ሞትን መጥራት ነው። ፀሐዩ ይፋጃል፤ ከውኃችን የቀረው የለሚ ጠርሙስ ግማሽ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሦስታችን ተራራው ላይ ቀረን። ነጅላ ቁርአን ትቀራለች፣ እኔ ማርያምን እጠራለሁ፤ ለሚ ዳር ዳሩን እየዞረ ቁልቁል ያያል። ተመልሶ መጣና በሌላ በኩል መውረጃ መፈለግ እንዳለብን ነገረን። አንድ ሕግ ብቻ እንደሚኖር ደጋግሞ አስረዳን፤ ተመልሰን ልንወጣው የማንችለውን ቦታ አንወርድም። አንድ ትልቅ ደረጃ ዘሎ የወረደ ሰው፣ ከታቹ ገደል ቢያገኝ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የማይሆን ሰው ሆኖ ይቀራል አለ። እኔ ያን ጊዜ ዓመት ሙሉ የት እንደቆምኩ አሰብኩና ዓይኔን ከዓይኑ አሸሸሁ።

በስተምሥራቅ በኩል ክረምት ውኃ የሚወርድበት ደረቅ ፈፋ ነበር። ከላይ ሲታይ ደረጃ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያለ የሚመስል። ለሚ እየቀደመ፣ እኛ በቂጣችን እየተንሸራተትን ወረድን። ደስ ብሎን ነበር፤ ነጅላ እንዲያውም ለማታ ምን እንደምትበላ ታወራ ጀምራለች። ከዚያ ለሚ ቆመ። እጁን ዘርግቶ እንዳንጠጋ ከለከለን። ጠጠር አንስቶ ወደ ፊት ወረወረ፤ ድምፁ እስኪሰማ ቆየ።

«ኢንናሊላሂ» አለች ነጅላ።

ውኃ ለመውረድ መንገድ አይፈልግም፤ ገደል ሲያገኝ ይዘላል። እኛ ደግሞ የውኃን መንገድ ነበር የተከተልነው። ተመልሰን መውጣት ነበረብን፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ድካም። ጫፉ ላይ ስንደርስ መዳፌ ተልጧል፣ ከንፈሬ ደርቋል፣ ማልቀስም አምሮኛል። ለሚ ውኃውን ለሁለታችን ሰጠና፣ ለራሱ ሳይቀምስ ጠርሙሱን ዘጋ። «አንዱ ተዘጋ ማለት ተራራው ተዘጋ ማለት አይደለም» አለ ተረጋግቶ። «እንደገና እንሞክራለን።»

ይህቺን ቃል ስሰማ ውስጤ የነበረው ነገር ሁሉ ገነፈለ።

«ለድንጋይ እንደገና ትሞክራለህ» አልኩት። «ለእኔ ግን አንዴ በቃህ።»

ዞሮ አየኝ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከስቷል። ይህን ሁሉ መንገድ ስንመጣ አላየሁትም ነበር።

«አባትሽ እምቢ አሉኝ እኮ፣ ውቢት» አለ።

«ማን ነው እምቢ ያለህ?»

«አባትሽ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩኝ። ‹ዘመድ እናማክር› አሉ አሉኝ። ዘመድ እንደሌለኝ እሳቸው ያውቃሉ፤ አንቺው ነግረሻቸዋል። የቡና ለቃሚ ልጅ መሆኔን በጨዋ አፍ የነገሩኝ መሰለኝ። እኔን ቢንቁኝ ተመልሼ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። እናቴ በእኔ ምክንያት እንደገና እንድትናቅ ግን አልፈለግኩም። ለዚህ ነው የተውኩት።»

ነጅላ ናት ቀድሞ የገባት። የተላኩት ሽማግሌዎች እነማን እንደነበሩ ጠየቀችው። ከእሱ ጋር የሚያስተምሩ ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ ከሦስቱ ያገባ የለም፤ አብነት የሚባለው እንዲያውም ለሥራ ከመጣ ገና መንፈቁ ነበር።

«ሽበት ያለበት አንድም ሰው የለም?» አለች።

«ከየት ላምጣ፣ ነጅላ?» አለ። እጁን ዘርግቶ ባዶ መዳፉን አሳያት። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ እንዲያው እውነቱ ስለሆነ ነው።

ሲገባኝ ሳቄ መጣ፣ ከሳቄም በፊት እንባዬ። ሽማግሌነት በልምድ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ማንም ልጆቹን አላስተማራቸውም። ሄዱ፣ ጠየቁ፣ መልስ ሰሙ፤ የሰሙትን በቅንነት መጥተው ነገሩት። አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ቢኖር መንገድ ላይ እየሳቀ ‹በሉ ለመጪው እሁድ ተዘጋጁ› ይላቸው ነበር።

«ለሚ» አልኩት። «ይሄ እምቢ ማለት አይደለም። በእኛ ቤት የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው የሚባለው። ተመለሱ ማለት ነው። እናቴ በቀጣዩ እሁድ ዶሮ ሠርታልህ ነበር። አባቴ ጋቢውን ለብሶ በረንዳ ላይ እስኪመሽ ጠበቀህ።»

«ጠበቁኝ?» አለ።

«ሲገባ ምን እንዳለ ልንገርህ? ‹ልጁን ወድጄው ነበር› አለ።»

ለሚ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መሬት አየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማንም የጠበቀው ሰው በሕይወቱ አልነበረም፤ የጠበቀውን አንዱን ሰው ደግሞ ሳያውቅ በረንዳ ላይ አስመሸው። አዘንኩለት፤ እንዲያ አድርጌ ለሰው አዝኜ አላውቅም።

ቆይቶ፣ አንገቱን ሳያነሣ፣ አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። ወግ ነው፣ ኩራት ነው፣ ሴት ልጅ አትልም ልለው ነበር። ቃላቱ በዚያ ድንጋይ ላይ ውኃ የማያነሡ ሆኑብኝ። «ተናድጄ ነው» አልኩት። «ስለምወድህ ነበር የተናደድኩት።» ያን ጊዜ እጄን ያዘ፤ የተላጠውን መዳፌን። አመመኝ፤ አላስለቀቅኩትም።

«እኔ እዚህ የለሁም፣ ተጫወቱ» አለች ነጅላ ፊቷን ወደ ጊቤ አዙራ። «ግን ፀሐይዋ አትጠብቃችሁም።»

ተነሣን። ፈፋውን ትተን በተራራው ጀርባ፣ እንደ አከርካሪ ወጣ ብሎ በሚሄደው ድንጋይ ላይ ሰሜን ሰሜኑን ሄድን፤ ከዚያ ቢያንስ የምንወርድበት ቦታ ከሩቅ ይታያል። የፍየል በጠጥ አየን፤ ለሚ ደስ ብሎት ሊከተል ነበር። እኔ ከለከልኩት። አባቴ መንዝ ሲወስደኝ ገደል ላይ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ፍየል የሄደበትን አትከተይ፣ ፍየል ግድግዳ ትወጣለች፤ ላም የሄደችበት ግን ሰው ያስኬዳል ይለኝ ነበር። ትንሽ ወረድ ብለን ስንፈልግ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር የደረቀ የላም እበት አገኘሁ። በሕይወቴ እበት አይቼ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ከብቶቹ ሣር ፍለጋ በዚህ በኩል ይወጣሉ ማለት ነው።

ከእነሱ መንገድ የሚለየን አንድ ቋጥኝ ብቻ ነበር፤ ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ። ለሚ ቀድሞ ወረደ፤ ከታች ያለውን አየ፤ በዚያው ተመልሶ ወጣ። ሊያረጋግጥ ነው፤ ሕጉን አልረሳም። እንደገና ወረደና ነጅላን ተቀበላት፤ ቢስሚላህ ብላ እንደ ከረጢት ትከሻው ላይ ወደቀች። ተራው የእኔ ሆነ። ፊቴን ወደ ድንጋዩ አዙሬ፣ በጣቶቼ ይዤ፣ እግሬን ወደማላየው ባዶ ነገር መዘርጋት ነበረብኝ።

«አላይህም» አልኩት።

«እኔ አይሻለሁ» አለ። «ሱታ፣ ውቢት። ሱታ።»

እሱ ሲጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማል። ቀስ በይ ማለቱ ነው። እግሬ መዳፉን አገኘ። ክብደቴን ሁሉ ለቀቅኩለት፤ መዳፉ ዝቅ አላለም። መሬት ስረግጥ ደረቱ ላይ ነበርኩ፤ ልቡ ከእኔ ይበልጥ ይመታ ነበር። እንደፈራ አላሳየንም እንጂ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከሁላችንም የፈራው እሱ ነበር።

የከብቶቹ መንገድ በግራር መሃል ጠመዝመዝ እያለ ሜዳው ላይ አወረደን። ፊታቸው ያበጠ ጓደኞቻችን ከሩቅ ሲያዩን እልል አሉ። እኔ ግን እግሬ ደልዳላ መሬት ሲረግጥ ነው እውነተኛው ገደል የታየኝ። ለለሚ የጣሰውን ነገር ገና አልነገርኩትም። ነገርኩት። ነገ ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡና አባቴ መልስ እንደሚሰጥ ስነግረው ፊቱ አመድ ሆነ።

«ታዲያ እኔ እስከ ነገ ማንን ልላክ?» አለ። «ማን አለኝ?»

ነጅላ ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለች። ሐጂ ኡመይር በሄርማታ የታወቁ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ በከተማው ስንት የተጣላ አስታርቀዋል፣ ስንት ጋብቻ አስጀምረዋል፤ የክርስቲያን የእስላም አይሉም። አባቴም ኦሮምኛ የተማረው ከእሳቸው ሱቅ በር ላይ ነው። ነጅላ በኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ ሁሉን ነገረቻቸውና ስልኩን ለለሚ ሰጠችው። ሐጂ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት።

«የወርቂቱ ልጅ ነኝ» አለ። «ሊሙ ቡና ትለቅማለች።»

የሰው ሁሉ ቤት የቆመው ያን ቡና በለቀመች እጅ ነው፣ አንገትህን ቀና አድርግ አሉት፤ እኔም ነጅላም ሰማን። ከዚያ በኋላ ሥራ ሥራውን አወሩ። ሲነጋ ለአቶ ኃይለሚካኤል ደውለው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደሚመጡ ያስታውቃሉ፤ ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህሩ አቶ ከፈለ ይጨመራሉ፤ ባለፈው ከመጡት አንዱም ይኑር፣ ጉዳዩ ያው የድሮው እንደሆነ እንዲታወቅ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁት። ባለፈው የላክሃቸው ልጆች ቤት እንደገቡ ተቀመጡ ወይ አሉት። ለሚ ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ።

«ወዲያው ነው የተቀመጡት» አልኩ። «ለስላሳም ጠጥተዋል።»

ሐጂ ሲስቁ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም አሉት። ነገ ቆመን እንናገራለን፤ አባቷ ተቀመጡ ካሉን ልጅቷ ያንተ ናት፤ ካላሉን እንደቆምን እንወጣለን። ለሚ ሁለት ጊዜ እሺ አለ። ወደ ጂማ ስንመለስ በሚኒባሱ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም ፈርተን ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ ነጩን ጋቢ አወጣ። ሐጂ ኡመይር ለምን እንደሚመጡ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። እናቴ ግን ጓዳ ስታየኝ የተላጠውን መዳፌን ይዛ ገለበጠችውና ቅባት ቀባችኝ።

መጡ። ሐጂ ከፊት፣ አቶ ከፈለ ቀጥሎ፣ ከኋላ አብነት የሰው ካፖርት ለብሶ። አባቴ ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም። ሐጂ ቆመው ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ልጁ ሰው እንደሌለው፣ ሰው የሌለው ሰው ወግ የሚያስተምረው እንደማይኖር፣ ባለፈው ዓመት ልጆች ተልከው ልጆች ሆነው እንደተመለሱ። «ሰው የለውም እንዳይባል» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ሰው ሆኜለት መጥቻለሁ፣ አቶ ኃይለሚካኤል።»

አባቴ ስሜን ጠርቶ ከጓዳ አስወጣኝ። እንዲህ ባለ ቀን ሴት ልጅ ሳሎን አትጠራም፤ ብትጠራም መሬት መሬት አይታ ትቆማለች። ሦስቱም ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ።

«ከሰዓት በኋላ የሚመጡ ሰዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ» አለኝ። «ዝም ካልሽ እሺ ብለሻል ብዬሽ ነበር። አሁን በሁለት በኩል ዝም ማለት አይቻልም።»

ቋጥኙ ላይ እንዳደረግኩት እግሬን ወደማላየው ቦታ ዘረጋሁ።

«ለሚን እወደዋለሁ፣ አባዬ» አልኩ። «ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት ስለማልወደው አይደለም።»

እናቴ ከጓዳ አንድ ነገር ጣለች። አባቴ ወደ መስኮቱ፣ ወደ በረንዳው ወንበር አየ። ጢሙን ዳሰሰ። «ለእነጣሰው ቤት እኔ ራሴ ሄጄ እነግራለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አክብሮኝ የመጣን ሰው በር ላይ አልመልስም።» ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረ። «እኔ እኮ ቀጣዩን እሁድ ስጠብቅ ዓመት ሞላኝ» አለ። ወንበሩን በራሱ እጅ ጎተተላቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ተቀመጡ።»

ሐጂ አልሐምዱሊላህ ብለው ተቀመጡ፤ አቶ ከፈለም ተቀመጡ። አብነት ግን አሁንም እንደ ግንድ ተገትሯል፤ ባለፈው ዓመት ያጠፋውን እንዳይደግም ፈርቶ ነው። ሐጂ በካፖርቱ ጎትተው አስቀመጡት።

ስልኬን ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። ለሚ ሄርማታ፣ የነጅላ አባት ሱቅ ውስጥ ከነጅላ ጋር እየጠበቀ ነበር። ስደውልለት ገና ሳይጠራ አነሣው።

«ውቢት» አለ። «ቆመው ወጡ?»

«ተቀምጠዋል» አልኩት።

ከወዲያ በኩል የነጅላ እልልታ ሲያስተጋባ፣ እሱ እንደ ልጅ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ሰማሁት።